ለባለቤቱ ይነገር

የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች በዚያን ዕለት ጠዋት ሲከፈቱ ሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዘው ጠበቁ። «መዝገባችሁ በእጃችን ነው። ከፈለጋችሁት ክፈሉ።» ከሥሩ የመክፈያ አድራሻ፣ ሌላ ምንም የለም። በፖሊስነት ዕድሜዬ ብዙ የማስፈራሪያ ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ ሌባ ሲያስፈራራ ቃል አይሰስትም። ይሳደባል፣ ይዝታል፣ ቀን ይቆርጣል። ይኼኛው ቀን እንኳ አልቆረጠም። ነገሩን ለማንም ሳልናገር በሆዴ ያዝኩት።

እኔ የኮምፒውተር ወንጀል ክፍል ኢንስፔክተር ነኝ። ባልደረቦቼ ከኋላዬ «ጥርጥር» ይሉኛል፤ ሚስቴ ፊት ለፊት ትለኛለች። አይከፋኝም። ጥርጣሬ የእንጀራ ገመዴ ነው።

ችግሩ የከፋው ምድር ቤት ባለው የሕፃናት የጨረር ሕክምና ክፍል ነበር። ለየትኛው ልጅ፣ የት ቦታ ላይ፣ ምን ያህል ጨረር እንደሚሰጥ ለማሽኑ የሚነግረው የልጁ መዝገብ ነው። መዝገቡ ሲቆለፍ ማሽኑም ዲዳ ሆነ። የኮሪደሩ ግድግዳ እስከ ልጅ ቁመት ድረስ ዓሣ ተሥሎበታል። ከዓሣዎቹ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ኮሌታዋ ላይ ክር ያለው መርፌ ተሰክቷል፤ ልብስ ሰፊ ናት። ልጅቷ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች።

«ስምሽ ማነው?» አልኳት ልጅቷን።

«ሚጢጢ ነው የምንላት» አለች እናትየው በልጅቷ ፈንታ። «መናገር ያማታል። እጢው ጉሮሮዋ ጋ ነው። ዛሬ ተራዋ ነበር፤ ሕክምናው ከተቋረጠ መልሶ ያድጋል ብለውኛል። መቼ ነው የሚከፈተው፣ ጌታዬ?»

«እየሠራንበት ነው፣ እህቴ።»

«እሱን ሁሉም ብሎኛል።»

በዚህ መሐል ነጭ ጋዋን የለበሰ ረጅም ሰው መጣና ከኪሱ የላስቲክ ጓንት አውጥቶ ነፋው። አምስቱ ጣቶች ተገትረው የአውራ ዶሮ ኩክኒ መሰሉ። በእስክሪብቶ ዓይን ሣለበትና ለልጅቷ ሰጣት። ሳቀች፤ ስትስቅ ግን እጇን ወደ ጉሮሮዋ ላከች። ሰውየው የክፍሉ የጨረር ባለሙያ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የጨረሩን መጠን የሚያሰላው እሱ ነው፤ ልጆቹ ጋሼ ፊኛ ይሉታል።

«ያለፈው ጊዜ ቃጠሎው ከወትሮው ባሰባት» አለችው እናትየው ሻርፑን ገለጥ አድርጋ። ቆዳው ጠቁሮ ተልጧል።

«ያጋጥማል። የሰጠሁሽን ቅባት አታቋርጪ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ኢንስፔክተር፣ መዝገቡ ሲመለስ እንደነበረ ነው የሚመለሰው? ማለቴ፣ አንድ ነገር ተነክቶ ቢሆን ይታወቃል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው ብዬ አመሰገንኩት። ለልጆቹ የሚጨነቅ መሰለኝ።

*

መጀመሪያ የታሰረችው የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ከወሊድ የተመለሰች ወጣት ሴት። መዝገቡ የተቆለፈው በእሷ የይለፍ ቃል ነው፤ ያውም ከሆስፒታሉ ግቢ፣ አመሻሹ ላይ።

«ቤቴ ነበርኩ» አለችኝ።

«ማን ያውቅልሻል?»

«አማቴ።»

አማትየውን ቤቷ ድረስ ሄጄ ጠየቅኳት። በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ቤት ነበረች» አለች። «ድስቱን ያሳረረችው ማን ሆነና? ማንኛውን ድስት ልንገርህ? ከእናቴ የወረስኩትን። እስካሁን እየፈተግኩት ነው።»

አማት ለምራቷ ስትዋሽ አይቼ አላውቅም፤ ይልቁንም የዚህች ምስክርነት ከቂም የመነጨ ስለሆነ እንደ ብረት ጠንካራ ነው። ተመልሼ ባለሙያዋን ሌላ ጥያቄ ጠየቅኳት።

«የይለፍ ቃልሽን ለማን ሰጥተሻል?»

ጡቷ በወተት ሞልቶ ሸሚዟን አርሶታል፤ በሁለት እጇ ደረቷን ሸፈነች።

«ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ግን ወሊድ ላይ እያለሁ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ሲሆን እኔን ነው የሚጠሩት። አራስ ቤት ሆኜ ልምጣ? ስለዚህ ለዳይሬክተሩ ሰጠሁ፣ ለኮምፒውተር ደህንነት አማካሪው ሰጠሁ፣ ለጋሼ ፊኛ ሰጠሁ። ልጆቹ እንዳይጉላሉ ብዬ ነው እኮ።»

ፈታኋት። አለቃዬ ኮማንደሩ አልወደደውም።

«የያዝነውን ለቀን የሌለንን እንፈልግ ነው የምትለው?» አለኝ። «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሌላ ሰው ካላመጣህ ክሱ በእሷ ላይ ይሄዳል።»

*

መዝገቦቹ ተገልብጠው የሄዱት ወደ ጎረቤት አገር ነበር። እዚያ ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ ኮምፒውተር የሚያከራይ ድርጅት አለ፤ ተከራዩ ከየትም ሆኖ ይጠቀምበታል፣ ማንነቱን የሚጠይቀው የለም። የተሰረቀው ቅጂና መክፈቻው እዚያ ተቀምጧል። ድንበሩ ደግሞ ለእኔ ድንበር ነው፤ ለሌባው ምኑም አይደለም።

በደንቡ መሠረት የእኔ ጥያቄ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዚያ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደ ውጭ ጉዳይ ይሄድና ድንበር ተሻግሮ ያንኑ ደረጃ በግልባጭ ይወርዳል። መልሱ ሲመጣ ሚጢጢ ወይ አድጋ ትዳራለች ወይ ደግሞ የለችም። ነገር ግን ሁለቱ መንግሥታት የፈረሙት ሌላ ስምምነት አለ። አስቸኳይ ሲሆን በየአገሩ ቀን ከሌት ስልክ የሚያነሳ አንድ ፖሊስ ይመደባል። የእኛው ምድብተኛ እኔ ነኝ። ከተመደብኩ ጀምሮ በዚያ ስልክ ያነጋገረኝ ቁጥር የተሳሳተ የሲሚንቶ ነጋዴ ብቻ ነው።

ደወልኩ። የሴት ድምፅ አነሳ። ድንበሩ አገሩን እንጂ ቋንቋውን አልከፈለውም፤ በአንድ ቋንቋ ነው የምናወራው።

«እውነት ነው ወይስ መስመሩን እየሞከሩ ነው?» አለችኝ ማንነቴን ስነግራት።

«እውነት ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደውሎ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ምን ልታዘዝ?»

አስረዳኋት። ኢንስፔክተር ናት። በዚያው ዕለት ለድርጅቱ ትእዛዝ እንደምትሰጥና ኮምፒውተሩ ሳይነካ እንደሚቆይ ነገረችኝ። በልቤ «ጎረቤቴ» ብዬ ሰየምኳት። በማግስቱ ስትደውል ድምፅዋ ተቀይሮ ነበር።

«ባዶ ነው» አለች። «ትእዛዙ እንደደረሰ አንድ ሰው ጠርጎ ወስዶታል። ወደ ሌላ አከራይ ነው ያዛወረው፤ ያው እኛው አገር ነው። ተከትዬዋለሁ፤ ሁለተኛውን ዛሬ አዘዋለሁ።»

ሁለተኛውንም አዘዘች። ሁለተኛውም ባዶ ሆኖ ተገኘ።

«ከእናንተ ቤት የሚያፈስ ሰው አለ» አለችኝ።

«እኛ ቤት ስለ ትእዛዙ የምናውቀው እኔና አለቃዬ ነን። ከእናንተ ቢሆንስ?»

«እኔ ቤት ደግሞ የማውቀው እኔ ነኝ።»

በትህትና ተሰነባበትን። ሁለት ጠርጣሮች በአንድ ስልክ ሲገናኙ ስንብቱ ራሱ ያስፈራል።

*

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሆስፒታሉ ተመለስኩ። ዳይሬክተሩ ቢሮው ውስጥ ሦስት ስልክ ደርድሮ በየተራ ያያቸዋል። በዚያ ምሽት የት እንደነበር ስጠይቀው «ስብሰባ» አለ። የምን ስብሰባ? አላስታወሰም። ጸሐፊው ደግሞ በዚያ ቀን ስብሰባ እንዳልነበረ ነገረችኝ። በኋላ ሲጣራ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ፈርቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ ሐኪም ሆኖ የጥርስ ሐኪም መፍራቱን ከመናገር መጠርጠርን መርጧል።

አማካሪው ይበልጥ ከነከነኝ። ሆስፒታሉ የቀጠረው የኮምፒውተር ደህንነት አዋቂ ነው፤ ጫማው ከእኔ ደመወዝ ይበልጣል። መዝገቦቹ ድንበር መሻገራቸውን የደረሰበትም፣ ከሌባው ጋር በጽሑፍ የሚደራደረውም እሱ ነበር።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ምንም። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ዋጋ ቀንሱ አልኩ፤ መልስ የለም። በእኔ ሥራ ላይ እንዲህ አይቼ አላውቅም። የማይከራከር ቀማኛ አለ እንዴ? ገበያ ወጥቶ ዕቃውን ዘርግቶ ሲጠሩት የማይዞር ነጋዴ ማለት እኮ ነው።»

«እና ምን ትላለህ?»

«ገንዘቡን አይፈልገውም እላለሁ። ግን ገንዘብ ካልፈለገ ምን ሊያደርግ ቆለፈው?»

እውነቱን ነው። ወይም እኔን ሊያሳስት ነው። ግንባሩን ላብ አርሶታል፤ ክፍሉ ግን አይሞቅም።

ጋሼ ፊኛን ያገኘሁት ባዶው የማሽን ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ምሽት አርፍዶ ይሠራ እንደነበር ሳልጠይቀው ነገረኝ። «ሁሌም የመጨረሻው ወጪ እኔ ነኝ» አለ። ጥበቃውም ይህንኑ መሰከረ። የሚደብቅ ሰው እንዲህ አይናገርም ብዬ ከዝርዝሬ መጨረሻ አስቀመጥኩት። ስወጣ ከኋላዬ ጠራኝ።

«ማዶ ያሉት ፖሊሶች አግኝተውታል?»

«ማዶ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«አማካሪው።»

አማካሪውን ጠየቅሁት፤ አዎ፣ ነግሬዋለሁ አለ። ለዳይሬክተሩም፣ ለሾፌሩም፣ ለሚስቱም ነግሯል። ምስጢር ጠባቂ ተብሎ የተቀጠረ ሰው ነው።

*

ጎረቤቴን ፊት ለፊት ማየት ነበረብኝ። ሰውን በድምፅ ብቻ መጠርጠር ይከብዳል። እሷም ሳትጠየቅ እንገናኝ አለች፤ ለምን እንዳለች ያኔ አልገባኝም። በአውቶቡስ ድንበሩ ድረስ ሄድኩ። ኬላው በእነሱ በኩል አንድ መጠበቂያ አዳራሽ፣ አንድ ሻይ ቤትና አንድ ዕቃ ማቆያ አለው። ቦርሳዬን ለዕቃ ማቆያው ሴትዮ ሰጥቼ ቁጥር ተቀበልኩና ሻይ ቤት ገባሁ።

ጎረቤቴ አጭር፣ መነጽር ያደረገች፣ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ሴት ናት። ሻይ አዘዘችልኝ።

«ስንት ሰው ያውቃል?» አለች ገና ሳልቀመጥ።

«እርስዎስ ለስንት ሰው ነግረዋል?»

«እኔ ቀድሜ ጠየቅሁ።»

እንዲህ ስንጠዛጠዝ ሻዩ ቀዘቀዘ። አለቃዬን ጠየቀችኝ፤ አለቃዋን ጠየቅኋት። የስልኬን ቁጥር ማን እንደሚያውቅ ጠየቀችኝ፤ የቢሮዋን ጓደኞች አንድ በአንድ አስቆጠርኳት። በትህትና ነው ሁሉም፤ «እርስዎ» እየተባባልን ተካሰስን። በመጨረሻ የማይረባ ቀን ዋልን ተባብለን ተነሳን። ወደ ዕቃ ማቆያው ስንደርስ ሴትዮዋ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ እጇን ከላዩ ላይ አላነሳችም።

«ወንድሜ፣ ከመውሰድህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ» አለችኝ። «ሻይ ቤት እያለህ ፖሊስ መጥቶ ቦርሳህን ከፍቶ አይቷል። ያዘዙት እኚህ ናቸው።» በጣቷ ጎረቤቴን አሳየችኝ። «ምንም አልወሰዱም፤ ሸሚዝህን መልሼ አጥፌዋለሁ።»

የጎረቤቴ ፊት ቲማቲም መሰለ። እኔ ግን ቁጣው ቀርቶ ግራ ገባኝ።

«ፖሊስ የፈተሸውን ለባለቤቱ ትናገሪያለሽ?»

«ታዲያስ!» አለች ሴትዮዋ ተገርማ። «አደራ ተቀብዬ ሌላ ሰው ሲነካው ዝም ልበል?»

«አትናገሪ ካሉሽስ?»

«ካሉኝማ አልናገርም። አላሉኝም።»

ጎረቤቴ መነጽሯን አውልቃ በሸሚዟ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። «ሕጋችን ነው» አለች ቀስ ብላ። «አደራ ጠባቂ ለባለቤቱ ይነግራል። ዝም በል የሚል ቃል በትእዛዙ ካልተጨመረ በስተቀር። ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ መጋዘን ቢሆን፣ ባንክ ቢሆን...»

«ኮምፒውተር አከራይስ?»

መነጽሯን መጥረጓን አቆመች።

እኔ አገር ፖሊስ አዘዘ ማለት በራሱ አፍህን ዝጋ ማለት ነው። ዝም በል ብሎ መጨመር፣ ውሃ ለሰጠኸው ሰው ጠጣ ብሎ እንደመጻፍ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን ስልክላት ያን ቃል አልጨመርኩም። እሷም ያልጠየቅኳትን አልጨመረችም፤ የሌላ አገር ጥያቄ እንደመጣ ይፈጸማልና ዝምታ ካልፈለጉ ምክንያት አላቸው ብላለች። ሁለት ጊዜ ትእዛዝ ደረሰ፤ ሁለት ጊዜ ድርጅቶቹ ለተከራያቸው በጨዋ ደንብ «ፖሊስ ዕቃዎን እንዳይነካ አስጠብቋል» ብለው ላኩለት። ሰላይ የለም፣ ከሃዲ የለም። ሌባውን ያስጠነቀቀው ጨዋነት ነው።

እኛ ቤት ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የነገሩ ባለቤት መጨረሻ ይሰማል። እነሱ ቤት ባለቤቱ መጀመሪያ ይሰማል። ሁለት መንግሥታት ሲዋዋሉ ስለዚህ ልዩነት የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

«ቦርሳዬ ውስጥ ምን ሲፈልጉ ነበር?» አልኳት።

«ሌላ ስልክ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ከሌባው ጋር የሚያወሩበት።»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ቀዝቃዛውን ሻይ ትተን አዲስ አዘዝንና ወደ ሥራ ገባን።

*

ሦስተኛውን አከራይ አገኘችው። አሁን ትእዛዙ ላይ «አትናገሩ» የሚለው ቃል ገባ። ድርጅቱ ሙሉውን ቅጂ በዝምታ ገልብጦ ሰጣት፤ መክፈቻውም ጭምር። ሆስፒታሉን በዚያው ቀን መክፈት እንችል ነበር። ግን ሰውየው አልታወቀም፤ ሳምንቱ እያለቀ ነው፤ ኮማንደሩ የባለሙያዋን ክስ አዘጋጅቷል።

«ጨዋነታቸውን እንጠቀምበት» አልኳት በስልክ። «ይንገሩት። እኔ በምልሽ ሰዓት።»

ልብ ብላችሁ እንደሆነ «አንቺ» አልኳት። አልተቀየመችም።

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሩን፣ አማካሪውን፣ ጋሼ ፊኛንና የኮምፒውተር ባለሙያዋን ስብሰባ አዳራሽ ሰበሰብኳቸው። የምርመራውን ሂደት ሆን ብዬ በአሰልቺ ድምፅ እያነበብኩ ዓይኖቼን እጆቻቸው ላይ ተከልኩ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው።

መጀመሪያ የአማካሪው ስልክ ተንቀጠቀጠ። አየውና ፊቱ አመድ መሰለ፤ በጠረጴዛው ሥር መጻፍ ጀመረ። ያዝኩህ አልኩ በልቤ። ቀጥሎ ዳይሬክተሩ ይቅርታ ጠይቆ ስልክ ይዞ ወጣ። ጥርጣሬዬ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ሕፃን አለቀሰ። ጋሼ ፊኛ ፈገግ ብሎ ከኪሱ ጓንት መዘዘ፣ «አንድ አፍታ» ብሎ ተነሳ። ባለሙያዋም በልቅሶው ድምፅ የራሷን ልጅ አስታውሳ መሰለኝ ወደ በሩ አየች።

የጎረቤቴ መልእክት መጣ። «ሰው ገብቷል። ከሆስፒታላችሁ ነው።»

አማካሪው አሁንም ይጽፋል። ሄጄ ስልኩን ከእጁ ነጠቅሁት። «ልጅህ ሒሳብ ወድቋል። አባቱ አንተ ነህ፣ አንተው ንገረው» ይላል፤ ከሚስቱ ነው።

ሁለተኛ መልእክት መጣ። «እየሰረዘ አይደለም። አንድ መዝገብ ብቻ አውጥቶ እየቀየረ ነው። የሕፃን መዝገብ። ጉሮሮ።»

ኮሪደር ላይ ዳይሬክተሩ ግድግዳ ተደግፎ ለሚኒስትሩ ጸሐፊ ሲለማመጥ አለፍኩት። ሕፃኑ ማልቀሱን ትቷል፤ ማንም ፊኛ አልሰጠውም። የማሽኑን ክፍል በር ገፋሁት። ጋሼ ፊኛ ልጆቹ በሚተኙበት ጠባብ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጭኑ ላይ ኮምፒውተር ከፍቷል። ያልታሰረው ጓንት ከጎኑ ወድቆ እየሟሸሸ ነበር።

«እጅህን አንሳ» አልኩት።

አነሳ። ዕቃ እንደከበደው ሰው ነው ያነሳው።

«አንድ ቁጥር ብቻ ነው» አለኝ። «ያለፈው ሕክምናዋ ላይ አንድ ቁጥር ተሳስቼ አስገባሁ። የብዙ ቀኑን ጨረር በአንድ ጊዜ ወሰደች። ያወቅሁት ማታ ነው፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ። መዝገቡን ቀጥታ ብቀይረው የድሮውን ቁጥር ይዞ መቀየሩን ይመዘግባል። ስለዚህ...»

«ስለዚህ ሁሉንም ሰረቅኸው።»

«ልመልሰው ነበር። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል። የእሷን አስተካክዬ የሁሉንም ልመልስ ነበር። ግን አንድ ቦታ ቁጭ ብዬ ሳልጀምር ያ ማስታወቂያ ይመጣል፤ እንደገና ማሸሽ ነው። የቀሩትን ቀናት መጠን ቀንሼ አካክሰው ነበር።»

«ለእናትየው ቅባት ሰጥተህ።»

ካቴናውን ሳደርግለት ሌላው ጓንት ከኪሱ ወጥቶ መሬት ወደቀ፤ ሊያነሳው ጎንበስ አለና ተወው።

መዝገቡ በዚያው ቀን ተከፈተ። የጉሮሮ ሐኪሞቹ የሚጢጢን ቁጥር ሲያዩ ሁለት ጊዜ አንብበው አረጋገጡ። ጨረሩ እንዲቆም፣ ልጅቷ ወዲያው ተኝታ እንድትታከም አዘዙ። መጠኑ የሚካካስ ነገር አልነበረም። ጥቂት ብንዘገይ፣ ያም ሰው የተስተካከለ መዝገብ መልሶልን ቢሆን፣ ያበጠውን ጉሮሮ ሁሉም ተራ ቃጠሎ ብሎ ያልፈው ነበር፤ አንድ ቀን አየር እንቢ ይላት ነበር። አሁን የመዳን ተስፋ አላት፤ ድምፅዋን ግን ማንም ቃል አልገባላትም።

ኮማንደሩ የባለሙያዋን ክስ ቀደደ። ፕሮግራሙን የሸጡት ሰዎች ሦስተኛ አገር ናቸው፤ ጎረቤቴና እኔ በየተራ እንደውላለን፤ እስካሁን የሚያነሳ የለም።

*

ማምሻው ላይ ዳይሬክተሩ ወደ ቢሮው ጠራኝ።

«ኢንስፔክተር፣ ስለ ስህተቱ ለእናትየው ለጊዜው ባንነግራት ይሻላል» አለኝ። «ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ቃላቱ ይመረጣሉ። ሕክምናዋ ተጀምሯል፣ አሁን ብታውቅ ምን ይጠቅማታል?»

«መዝገቡ የማነው፣ ዶክተር?»

«የሆስፒታሉ።»

«ጉሮሮውስ?»

ስልኮቹን አስተካክሎ ደረደራቸው። ያቺ የዕቃ ማቆያ ሴትዮ ትዝ አለችኝ፤ እጇን ከቦርሳዬ ላይ ሳታነሳ። አንድ ሸሚዝ ለተነካበት እንግዳ እንኳ ነግራለች።

ሚጢጢ አዲሱ አልጋዋ ላይ ናት። የጓንቱ ዶሮ ከአልጋው ራስጌ በክር ተንጠልጥሏል፤ ትንሽ ሟሽሿል እንጂ ዓይኑ አለ። እናትየውን ወደ መስኮቱ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ምንም አላስቀረሁም። ቁጥሩን፣ ቃጠሎውን፣ ስርቆቱን፣ ማን እንደሆነ። ስጨርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

«ቅባቱን ሲሰጠኝ እጁን ስሜዋለሁ» አለች።

 

ልጅቷ ከአልጋው ላይ ሆና በሹክሹክታ፣ «እማ፣ ጋሼ ፊኛ መቼ ነው የሚመጣው?» አለች።

እናትየው ወደ አልጋው ሄደች። መርፌዋን ከኮሌታዋ ነቀለች፤ በሁለት ጣቷ ይዛ የተንጠለጠለውን ዶሮ አየችው። ልታፈነዳው ነው ብዬ አንድ እርምጃ ቀረብኩ። ከዚያ ልጅቷን አየች፣ መርፌውን ኮሌታዋ ላይ መልሳ ሰካችው፤ አልጋው ጫፍ ላይም ተቀመጠች።

«አይመጣም፣ የኔ እናት» አለቻት። «ለምን እንደማይመጣ ልንገርሽ። ጉሮሮው ያንቺ ነው።»

በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።